አዳማ ላይ የሚሸጠው ፍሮዝን ፊሌቶ፦ አሳው ደህና ነው፣ የመጣበትን መንገድ ግን ጠይቁ

አስቀድሜ ፍርዴን ልናገር፤ ዝርዝሩን የሚፈልግ ይቀጥል። ከቬትናም የሚመጣው ነጭ የፓንጋሲየስ (በእርባታ የሚያድግ፣ የአምባዛ ዘመድ የሆነ አሳ) ፊሌቶ ለጉላሽና ለኮተሌት ያገለግላል። ለለብለብ አይሆንም። ለሾርባ ከገዛችሁት ደግሞ ብራችሁን ድስት ውስጥ ጨመራችሁት ማለት ነው። አሁን የምገዛበትን አከፋፋይ ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ፤ አንዷን ለምን እንደያዝኩበት ወደ ኋላ ላይ እመጣበታለሁ። ስም አልጠራም። ከእሱ በፊት ስለነበረው አቅራቢም የምለው አለኝ፣ አንዱን ጠርቼ ሌላውን ብደብቅ ደግሞ አዳማ ነው፣ ማን እንደሆነ በማግስቱ ሁሉም ያውቀዋል።

አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ትንሽ አሳ ቤት አለችን። ዋናው አሳችን የባቱና የቆቃ ነው፣ ቆሮሶና አምባዛ። ሲገኝ እሱን የሚያክል የለም። ችግሩ "ሲገኝ" የምትለዋ ናት። ከባቱ የሚመጣው ቆሮሶ እያነሰ እያነሰ መጥቶ አንዳንዱ ከተበለተ በኋላ የሚተርፈው ሥጋ ለአንድ ሰው ጉርሻ አይሆንም። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች ትቼ ልለፈው፤ እኔ የማውቀው ያኔ ወንበር እንደሚጠፋና የአሳ ነጋዴዎች ስልክ እንደማያነሱ ነው። ፍሮዝን የገባነው ለዚህ ነው። ወደን አይደለም፣ ደንበኛ ተቀምጦ "አሳ የለም" ማለት ስላቃተን ነው።

ወደ ዕቃው ልግባ። ካርቶኑ 10 ኪሎ ይላል፣ ውስጡ በየፌስታሉ የታሸገ ነው፣ በአንዱ ፌስታል አንድ ኪሎ። ቢያንስ ሻጩ የሚለው እንደዚያ ነው። ፌስታሉን ገልብጣችሁ ጀርባው ላይ ያለችውን ደቃቃ ጽሑፍ ብታነቡ ግን የተጣራ ክብደት 800 ግራም ትላለች። ቀሪው 200 ግራም በረዶ ነው። ይሄ ማጭበርበር አይደለም፣ ልብ በሉ። ፊሌቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ውሃ ውስጥ ነከር ተደርጎ ስስ የበረዶ ልባስ ይለብሳል፤ ልባሱ አየር እንዳያገኘውና እንዳይደርቅ ይጠብቀዋል። ያለ ልባስ ብዙ ወር ፍሪዘር ውስጥ የቆየ አሳ ጠርዙ ነጭ ሆኖ ይደርቅና ጎማ ይሆናል። ስለዚህ ትንሽ በረዶ ጥሩ ነው። 20 በመቶ ሲሆን ግን የምትከፍሉትን ማስላት አለባችሁ። ለምሳሌ በ800 ብር "አንድ ኪሎ" ገዛሁ ካላችሁ፣ የአሳው ኪሎ ዋጋ 1,000 ብር ነው። ሰው ርካሽ ነው ብሎ የሚወስደው ይህችን ሂሳብ ሳይሠራ ነው። አከፋፋዩን ስንጠይቅ ሳያቅማማ "የተጣራው 800 ነው፣ ዋጋውም በዚያ ነው የወጣው" አለን። ለዚህ ነጥብ ሰጥቼዋለሁ። የድሮው አቅራቢ ስለ በረዶው ስንጠይቀው አሳ ውሃ ውስጥ ነው የሚኖረው ብሎ ቀለደብን።

መመዘን የሚፈልግ ሰው አቀልጦ አይመዝን፣ ምክንያቱም ሲቀልጥ ከሥጋው የሚወጣው ውሃም አብሮ ይቀነስና ከሻጩ ጋር ያለ ጥፋቱ ትጣላላችሁ። አካሄዱ እንዲህ ነው፦ ፊሌቶውን በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቡታላችሁ፣ የላዩ በረዶ ብቻ ሲለቅና እጃችሁ ሥጋውን ሲነካ ታቆማላችሁ፣ ወንፊት ላይ ታንጠፈጥፉታላችሁ፣ ከዚያ ሚዛን። አሳው ውስጡ በረዶ እንደሆነ መቆየት አለበት።

ሌላው ውሃ ግን በዓይን አይታይም። ፋብሪካዎች ፊሌቶውን ከማቀዝቀዛቸው በፊት ፎስፌት የሚባል ጨው ባለው ውሃ ውስጥ ያቆዩታል። ፎስፌቱ ሥጋው ውሃ እንዲይዝ ያደርገዋል። በልክ ሲሆን የተፈቀደ ነው፣ ማሸጊያው ላይ መጻፍ አለበት። ሲበዛ ግን ፊሌቶው ያብጥና እንደ ስፖንጅ ይሆናል። እኛ ቤት እንዲህ ነው የምናየው፦ ፊሌቶውን ወንፊት ላይ አድርገን፣ ከሥር ሳህን አስቀምጠን፣ ፍሪጅ ውስጥ እናሳድረዋለን። ጠዋት ሳህኑ ላይ የወረደው ውሃ ትንሽና ጠራ ያለ ከሆነ ደህና ነው። ሳህኑ ሞልቶ፣ ፊሌቶው ላይ ጣት ስትጫኑ ጉድጓዱ ሳይመለስ ከቀረና የሚያንሸራትት ሳሙና ነገር ከሆነ ችግር አለ። መጥበሻ ላይ ደግሞ ይታወቃል። ጥሩው ፊሌቶ ዘይት ሲነካው ጠርዙ ይጠበሳል። መጥፎው ነጭ አረፋ አውጥቶ በራሱ ውሃ ይቀቀላል፣ ዘይቱም እየተንጫጫ የአብሳያችንን ክንድ ያቃጥላል። እሷ ይህን አሳ ስም አውጥታለታለች፣ እዚህ የሚጻፍ አይደለም።

የአሁኑ ዕቃ መካከለኛ ነው። ውሃ አለው፣ ግን አይጋነንም። ጉላሽ ላይ በጣም ጥሩ ነው፤ ሽንኩርቱና ቲማቲሙ ከበሰለ በኋላ ነው የሚገባው፣ ቀድሞ ከገባ ይበተናል። ኮተሌት ላይ ከጠበቅነው በላይ ሄዷል። አጥንት ስለሌለው ልጅ ይዘው የሚመጡ ወላጆች ይወዱታል፣ አሁን አንዳንዱ እየመረጠ "የፈረንጁን አምጪልኝ" ይላል። ዱለት ይሆናል፣ ከተከተፈ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ጨመቅ ካደረጋችሁት። ለብለብ ግን በፍጹም። ለብለብ ጥብቅ ያለ ሥጋ ይፈልጋል፣ ይሄ ገና አዋዜው ሳይነካው ውሃ ይለቃል። ጣዕሙም የራሱ የሚባል ነገር የለውም፣ ያደረጋችሁበትን ይቀምሳል። የአምባዛን ጠረን ለማይወድ ሰው ይህ ጥሩ ዜና ነው፣ ለእኔ አይደለም።

አንድ ደንበኛ ሐዋሳ አሞራ ገደል ላይ ጥሬ አሳ በዳጣ በልቶ መጥቶ "ይሄንንስ በጥሬው ብትሰጡኝ" ብሎናል። አይሆንም ብለነዋል። ቅዝቃዜ ጥገኛ ትሎችን ይገድላል፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ለ7 ቀን ከቆየ። ባክቴሪያን ግን አይገድልም፣ ያስተኛዋል እንጂ፤ ሲቀልጥ ካቆመችበት ትቀጥላለች። ይሄ አሳ ደግሞ እኛ ጋ እስኪደርስ ስንት እጅ እንደነካው ማን ይቆጥራል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። የዚህ ዕቃ ጥሩነትና መጥፎነት የሚወሰነው በፋብሪካው አይመስለኝም፣ በመንገዱ ነው። ሕጉ ቀላል ነው፦ ፍሮዝን አሳ ከፋብሪካ እስከ እናንተ ፍሪዘር ድረስ ከዜሮ በታች 18 ወይም ከዚያ በታች መቆየት አለበት። ቬትናም ካለው ከመኮንግ ወንዝ ዳርቻ ተነስቶ፣ በመርከብ ጅቡቲ ገብቶ፣ ከዚያ በጋላፊ፣ በሚሌ፣ በአዋሽ፣ በመተሐራ አድርጎ ይመጣል። ይህን መንገድ በግንቦትና በሰኔ የሄደ ሰው ሙቀቱን አልነግረውም። ኮንቴይነሩ የራሱ ማቀዝቀዣ ያለው ሪፈር ነው፣ ግን መርከብ ላይ ከመርከቡ መብራት ይሰካል፣ ወደብ ላይ ከወደቡ፣ መኪና ላይ ደግሞ ጀነሬተር ያስፈልገዋል። አደጋው ያለው በመሃል ነው፣ ከአንዱ ተነቅሎ ሌላው ላይ እስኪሰካ ባለው ሰዓት። ሾፌሩ ምሳ ሲበላ ጀነሬተሩ ናፍጣ ጨርሶ ቢጠፋ ማን ያያል?

የሚገርመው ደግሞ ኮንቴይነሩ ወለንጪቲን አልፎ እዚሁ አዳማ በራችን ላይ አድርጎ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይሄዳል፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው፣ እዚያ ጉምሩኩ ሲያልቅ ተመልሶ ወደ እኛ ይመጣል። አንዳንዱማ ሞጆን አልፎ አዲስ አበባ ገብቶ፣ እዚያ መጋዘን አድሮ፣ በአይሱዙ ይመለሳል። እያንዳንዱ መውጣትና መግባት በር መክፈት ነው። በር በተከፈተ ቁጥር ቅዝቃዜው ይወጣል።

ስለ ሪፈር ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ማሽኑ የቀዘቀዘውን ይጠብቃል እንጂ የሞቀውን መልሶ አያቀዘቅዝም፣ ለዚያ አልተሠራም። ቀዝቃዛው አየር ከወለሉ ሥር ገብቶ ወደ ላይ ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ ካርቶኑ ግድግዳው ላይ ከተሰመረው መስመር በላይ ከተደረደረ አየሩ መዞሪያ ያጣና የላይኛው ረድፍ ይሞቃል። ደግሞ ማሽኑ ላይ የሚሞላው ቁጥር አለ። የመቀነስ ምልክቷ ተረስታ ከዜሮ በታች 18 መሆን የነበረበት ከዜሮ በላይ 18 ሆኖ የተጫነ ዕቃ በዚህ ንግድ የታወቀ ታሪክ ነው። አንዲት ሰረዝ ናት።

ታዲያ ይህን ሁሉ እዚህ ቁጭ ብለን በምን እናውቃለን? ጥሩ አስመጪ ኮንቴይነሩ ውስጥ ሙቀት መዝጋቢ ያስቀምጣል። ትንሽ ዕቃ ናት፣ ከጭነት እስከ ማራገፍ በየተወሰነ ደቂቃው ሙቀቱን ትይዛለች፣ ኮምፒውተር ላይ ስትሰካ መስመሩን ታወጣዋለች። የአሁኑን አከፋፋይ የመረጥኩት በዚህ ነው። መጋዘኑ ሄጄ የመጣውን ዙር መዝገብ ማየት እፈልጋለሁ ስላቸው ዕቃ የሚያወርደው ልጅ መጀመሪያ ግራ ገባው።

"ጋሼ፣ አሳውን ነው ወይስ ወረቀቱን ነው የሚገዙት?"

"ሁለቱንም፣ ወረቀቱ ከሌለ አሳውም ይቅር" አልኩት።

ሳቀ፣ ገብቶ ኃላፊዋን ጠራልኝ። እሷ ሳታኮርፍ አትማ አመጣችው። መስመሩ ቀጥ ያለ ነው፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ወደ ከዜሮ በታች 14 ከፍ ብሎ ተመልሷል። "እዚህ ምን ሆኖ ነው?" አልኳት። "ጅቡቲ ሲወርድ ነው፣ ለዚያ ነው ላብራቶሪ የላክነው" አለች። እንዲህ ዓይነት መልስ ነው የምፈልገው። ምንም ጉብታ የሌለው ፍጹም ቀጥ ያለ መስመር ቢያሳዩኝ ይበልጥ እጠራጠር ነበር።

የድሮው አቅራቢ ጋ የሆነው እንዲህ ነው። ካርቶን ስንከፍት ፌስታሉ ውስጥ በረዶው እንደ ስኳር ፍሬ ፍሬ ሆኖ ከሥር ተጠራቅሟል። ፊሌቶዎቹ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው አንድ ብሎኬት ሆነዋል፣ በአንድ በኩልም የካርቶኑን ጥግ ቅርጽ ይዘው ጎብጠዋል። ለየብቻ የቀዘቀዘ ፊሌቶ መጉበጥ የሚችለው አንዴ ለስልሶ ከነበረ ብቻ ነው። ካርቶኑ ታች ደርቆ የቀረ ቢጫ ዕድፍ ነበረው። ቴርሞሜትራችንን ሁለት ፌስታል መሃል ስናስገባ ከዜሮ በታች 6 አለ። ሾፌሩን ብንጠይቀው በፈጣን መንገዱ ላይ ማቀዝቀዣውን አጥፍቶ እንደመጣ ነገረን፣ ናፍጣ ለመቆጠብ፣ ደግሞ ሳያፍር። "መንገዱ አጭር አይደል?" አለ። ባለቤቱ ጋ ስንደውል "በረዶ ነው አይደል? በረዶ ከሆነ ምን ችግር አለው?" አለን። ብራችንን አልመለሰልንም። እኛም ከዚያ በኋላ አልተመለስንም።

ችግሩ ይሄ ነው። ከዜሮ በታች 6 ላይ አሳው በእጅ ሲነካ ድንጋይ ነው፣ ግን ውስጡ ያለው ውሃ ሁሉ በረዶ አልሆነም፣ ሥጋው ቀስ በቀስ መበላሸቱን ቀጥሏል። ሲለሰልስና መልሶ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ቀስ ብሎ ስለሚቀዘቅዝ የበረዶው ፍሬ ትልልቅ ይሆናል፣ ሥጋውን ከውስጥ ይቀደዋል። ለዚህ ነው ስታቀልጡት ውሃው የሚፈሰውና መጥበሻ ላይ የሚበተነው። ሰው "የውጭ አሳ አይጣፍጥም" የሚለው ግማሹ የአይሱዙ ጥፋት ነው።

የአሁኖቹ ዕቃ የሚያመጡት ጠዋት ሳይሞቅ ነው፣ ማቀዝቀዣ ባለው መኪና፣ ማሽኑ እየሠራ። ካርቶን በባጃጅ ልከውልኝ አያውቁም፣ አዳማ ላይ ይህ ራሱ ዜና ነው። ደረሰኝ ያለ ጭቅጭቅ ይሰጣሉ። መብራት ሲሄድ ጀነሬተራቸው ሲነሳ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ኮከቧን የያዝኩባቸው ለሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሲያስረክቡ ሙቀቱን ደረሰኙ ላይ አይጽፉም፤ እኔ ራሴ ለክቼ አስፈርማለሁ፣ ሾፌሩም እንደ ውለታ ነው የሚፈርምልኝ። ሁለተኛ፣ ከአምስት ካርቶን በታች አያደርሱም። ለትልቅ ሆቴል ምንም አይደለም። ለእኛ ግን አምስት ካርቶን ፍሪዘራችንን አጭቆ ይሞላዋል፣ ፍሪዘር ደግሞ በአንዴ ብዙ ሲገባበት ይደክማል።

አንድ ጊዜ ደግሞ "ማኬሬል (የባሕር አሳ ነው) አለን፣ በቅናሽ ነው" ብለውኝ ነበር። ስለ መዝገቡ ስጠይቅ የዚያኛው ዙር መዝጋቢ ተበላሽቶ ነው አሉ። ተውኩት። ፓንጋሲየስና ቆሮሶ ላይ ሲሞቁ የሚያጋጥመው ጉዳት በአብዛኛው የጣዕምና የመበስበስ ነው። ማኬሬል፣ ቱናና ሰርዲን ግን ሲሞቁ ሂስታሚን የሚባል የሚመርዝ ነገር ያፈራሉ፣ እሱ ደግሞ መልሶ ቢቀዘቅዝም፣ ቢጠበስም፣ ቢቀቀልም አይጠፋም። የበላ ሰው ፊቱ ይቀላል፣ ራሱን ያመዋል፣ ልቡ ይመታል፣ አለርጂ ነው ብሎ ያልፈዋል። የዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ፣ ኮዴክስ የሚባለው፣ ገደቡ በኪሎ 200 ሚሊ ግራም ነው፣ የሚታወቀው ግን በላብራቶሪ እንጂ በማሽተት አይደለም። ስለዚህ ማኬሬል ያለ መዝገብ በነጻ ቢሰጡኝም አልወስድም። በነገራችን ላይ መዝገቡ የለም ብለው እውነቱን መናገራቸውን ወድጄላቸዋለሁ፣ ሌላ ቢሆን የድሮ ዙር ወረቀት ያሳየኝ ነበር።

ይህን ያህል ስጽፍ "ለምን ራስህ አታስመጣም?" የሚል አይጠፋም። አንድ ሆቴል ያለው ወዳጄ ይህን ሐሳብ ይዞ መጥቶ ትራንዚተር (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ) ጋ አብረን ሄደን ነበር። ትራንዚተሩ ሻይ አዘዘልንና አንድ በአንድ ቆጠረው፣ ወዳጄ ሻዩን ሳይጨርስ ሐሳቡ በረደ።

ባለ 40 ጫማ ሪፈር ወደ 25 ቶን ይይዛል። 25 ቶን አሳ የሚያስቀምጥ ቀዝቃዛ ክፍል አለህ? ይህ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። ከዚያ ወረቀቱ። ምግብ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ጉዳይ ነው፣ አሳ ደግሞ የእንስሳት ውጤት ስለሆነ በግብርናው በኩልም ፈቃድ አለው፣ ፈቃዱም ዕቃው ከመጫኑ በፊት ነው መያዝ ያለበት። ከላኪው አገር መንግሥት የጤና ምስክር ወረቀት ይመጣል፤ ከፋብሪካው የሚሰጥ ወረቀት አይበቃም። እርባታ ላይ ላደገ አሳ ደግሞ ክሎራምፌኒኮል፣ ናይትሮፉራንና ማላካይት ግሪን የሚባሉት የተከለከሉ መድኃኒቶች እንደሌሉበት የሚያሳይ የላብራቶሪ ውጤት ጠይቅ አለው። እነዚህ ቀልድ አይደሉም። በ1990ዎቹ መጨረሻ በፈረንጆቹ አቆጣጠር የአውሮፓ ኅብረት የቪክቶሪያ ሐይቅን አሳ ደጋግሞ ከልክሎ ነበር፣ አንዴ በኮሌራና በሳልሞኔላ ስጋት፣ አንዴ ደግሞ ሰዎች አሳውን በፀረ ተባይ መርዝ እያጠመዱ ነው ተብሎ። የዩጋንዳ፣ የኬንያና የታንዛኒያ ፋብሪካዎች ያን ጊዜ ተንጫጭተዋል።

ትራንዚተሩ ከሁሉም አብልጦ ያስጠነቀቀን ስለ ቁጥሮች መመሳሰል ነው። የኮንቴይነር ቁጥር፣ የማሸጊያ ቁጥር፣ የምርት ዙር ቁጥር፣ የተጣራ ክብደት፤ እነዚህ በኢንቮይሱ፣ በማሸጊያ ዝርዝሩ፣ በመርከብ ሰነዱና በጤና ወረቀቱ ላይ አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው። በአንዱ ላይ ክብደቱ ከነበረዶው ተጽፎ በሌላው የተጣራው ከተጻፈ ጥያቄ ይነሳል። የታሪፍ ቁጥሩም ለየብቻ ነው፤ የቀዘቀዘ የቆሮሶ ፊሌቶ 0304.61፣ ፓንጋሲየስ ያለበት የካትፊሽ ወገን 0304.62፣ ናይል ፐርች 0304.63። አንዱን በሌላው ስም ዲክላራሲዮን ማስገባት ራስን ለቅጣት ማዘጋጀት ነው። ፓንጋሲየስን በውድ አሳ ስም መሸጥ ደግሞ በዓለም ገበያ የታወቀ ማታለያ ስለሆነ ፈታሹም ያውቀዋል።

ታዲያ ወረቀት እስኪስተካከል ኮንቴይነሩ ይቆማል። የጨርቅ ኮንቴይነር ቢቆም ዲመሬጅ (ኮንቴይነሩ ከቀኑ በላይ ለቆየበት የሚከፈል) ነው የምትከፍለው። ሪፈር ቢቆም ዲመሬጁ ላይ የመብራቱ ሂሳብም በየቀኑ ይቆጥራል፣ መብራቱ ከተቋረጠ ደግሞ ዕቃው ራሱ የለም። ወዳጄ "ኢንሹራንስ አለ አይደል?" አለ። አለ፣ ግን ምን እንደሚሸፍን ማንበብ ነው። በቀዘቀዘ ምግብ ላይ የተለመደው ውል ማሽኑ ተበላሽቶ በተከታታይ ቢያንስ 24 ሰዓት ሲቆም ነው የሚከፍለው። ማሽኑ ሳይበላሽ ሰው ሳይሰካው ቢቀርስ? ለ20 ሰዓት ብቻ ቆሞ አሳው ቢለሰልስስ? እዚያ ላይ ክርክር ይጀመራል፣ አንተ ደግሞ 25 ቶን የሚሸት ነገር ይዘህ ነው የምትከራከረው።

ምንዛሬውንም አልረሳውም። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብሩ በገበያ ነው የሚተመነው፣ ኤልሲ (የባንክ የክፍያ ዋስትና) በከፈትክበትና ዕቃው በደረሰበት መሃል ዋጋው አንድ አይሆንም። ለዚህ ነው አከፋፋዮቹ የዋጋ ዝርዝራቸውን በወረቀት የማያትሙት። ሲደወልላቸው "የዛሬው" ይላሉ። ያናድዳል፣ ግን ይገባኛል።

ወዳጄ አሁን ከእኔው አከፋፋይ ነው የሚገዛው።

እቤት ለሚገዛ ሰው ደግሞ ትንሽ ልጨምር። አዳማ ላይ መብራት መሄዱ አይቀርም። ሞልቶ የተዘጋ ፍሪዘር ካልተከፈተ እስከ 48 ሰዓት ይይዛል፣ ግማሽ ከሆነ 24 ሰዓት ያህል። ፍሪዘራችሁ ውስጥ አንድ ብርጭቆ ውሃ አቀዝቅዙና በረዶው ላይ ሳንቲም አስቀምጡ። ሳትኖሩ መብራት ሄዶ ተመልሶ ከሆነ ሳንቲሟ ትነግራችኋለች፤ ላይ ካለች ሰላም ነው፣ ብርጭቆው ሥር ወርዳ ከሆነ ውስጥ ያለው ሁሉ ቀልጦ እንደገና ቀዝቅዟል። የአንድ ብር ሳንቲም ይበቃል። እኔ ሱቅ ስገባም ፍሪዘሩን ነው የማየው፣ በሩ የማይገጥም፣ ማታ ማታ "ለመቆጠብ" የሚነቀል ፍሪዘር ካላቸው ከጎኑ ያለውን ለስላሳ ገዝቼ እወጣለሁ።

ስታቀልጡ ፍሪጅ ውስጥ ነው፣ ጠረጴዛ ላይ ወይም ፀሐይ ላይ አይደለም። አየር ወጥቶለት የታሸገ ከሆነ ደግሞ ፌስታሉን ቀድማችሁ ቅደዱት። አየር በሌለበት፣ በፍሪጅ ቅዝቃዜም እንኳ ማደግ የምትችል ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ የምግብ መመረዝ የምታመጣ ባክቴሪያ አለች፣ አሳ ላይ ደግሞ ትታወቃለች። መቀስ ማንሳት ነው፣ ሌላ ሥራ የለውም።

አከፋፋዮቹ በቅርቡ የቪክቶሪያ ሐይቅ ናይል ፐርች እናመጣለን ብለውኛል። ሥጋው ጠንከር ያለ ነው፣ የጫሞን የበላ ያውቀዋል። ከመጣ መዝገቡን አይቼ፣ በረዶውን መዝኜ፣ ለብለብ ሠርተንበት እጽፍላችኋለሁ። እስከዚያ እኛ ቤት ለብለብ የሚያዝ ሰው ከባቱ የመጣ ካለ ይበላል፣ ከሌለ አብሳያችን ኮተሌት ታቀርብለታለች፣ ክርክር አትወድም።